መቀናጆው ካርድና የልጄ መቃብር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደረሰ። የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። የልጅ ልጄ ማስተዋል ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ አመጣችው። ገና ከበር፣ "አባባ፣ እንዳይነኩት!" አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ የሽመና መኪና የጠገነ ሰው ነው እንዳይነካ የሚባለው።

"ስሙ ማነው?" አልሁ።

"ግራፊክስ ካርድ።"

"የክርስትና ስሙስ?"

ሳቀች። ደግ ነው። በዚህ ቤት ከሳቅን ቆይተናል።

ያስረዳችኝን ነገ ሳልረሳው ልጻፍ። ላፕቶፑ ሥዕል የሚሠራበት የራሱ ካርድ አለው፤ ግን ደካማ ነው። የእኛን ሥራ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ተዘጋባት። ይኼኛው ብርቱ ካርድ ላፕቶፑ ውስጥ አይገባም። በሣጥኑ ሆኖ፣ መብራቱን ለብቻው ከግድግዳ እየወሰደ፣ በአንድ ወፍራም ኬብል ከላፕቶፑ ጋር ይያያዝና ከባዱን ሥራ እሱ ይሠራል።

"ገባኝ። መቀናጆ ነው" አልኋት። የከተማ ልጅ ናትና አላወቀችውም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው የአንዱንም የሌላውንም እርሻ ተራ በተራ ያርሳሉ። "በቃ እሱ ነው!" አለች። የካርዱ ባለቤት አብሯት የተማረ ልጅ ነው፤ የራሱ ሥራ ስላለበት ቅዳሜ ሳምንት ተመልሶ አውቶቡስ ላይ መጫን አለበት።

እርሻችን ምን እንደሆነም ልጻፍ።

ባለቤቴ ያልጋነሽ ዓይኗ እየሄደ ነው። የዓይን ግፊት ነው ያሉት። ግራው ጠፍቷል። በቀኙ የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ "ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም" አላት። እሷም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ ልጃችን ያረፈበትን ማየት።

ልጃችን መነኩሴ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የተቀበረው በሐይቁ መካከል ባለ ደሴት፣ በገዳሙ ነው፣ ደሴቱን ደግሞ ሴት አይረግጠውም። የቀብሩ ዕለት እኔ ስወጣ እናቱ ታች፣ ጀልባው ላይ ቀረች። ፎቶ ባሳያት፣ "ድንጋይ ታሳየኛለህ፣ ቅጠል ታሳየኛለህ፤ የት እንዳለሁ አላውቅም። መንገዱን ከታች ጀምሬ ልሂደው" አለችኝ። ማስተዋል የሕንፃ ንድፍ ነው ሥራዋ። "ብዙ ፎቶ ካገኘሁ ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ የሚኬድበት መንገድ ያደርገዋል፤ ቴሌቪዥን ላይ እማማ ራሷ ትወጣዋለች" አለች። ይኸው ነው ሥራው።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን።

የቀብሩ ዕለት ወደ ጀልባው ስመለስ "የት አሳረፉት?" አለችኝ። "ከትልቅ ዋርካ ሥር። ፊቱ ወደ ሐይቁ ነው፣ ወደ እኛ" አልኋት። ውሸቴን ነው። ዋርካ የለም። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ነው ያለው፣ በቆርቆሮ ግድግዳና በድንጋይ ካብ መካከል። ሐይቁ ከዚያ አይታይም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባት አንድ ቀን አምናኝ አታውቅም፤ ይኼን ግን አመነችኝ። ሦስት ዓመት በዚያ ዋርካ ስትጽናና ኖረች።

ካርዱ ከሠራ ታያለች። ካልሠራ ሳታይ ዓይኗ ይጠፋል። የትኛውን እንደምመኝ እግዜር ይወቀው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያጥን ዋለ። ጢሱ ወደ ካርዱ ማራገቢያ እንዳይገባ መስኮት ዘግተን በላብ ተነከርን።

ካርዱ አልሠራም። ሣጥኑ ይበራል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ላፕቶፑ ግን "አላውቀውም" ይላል። ማስተዋል ከባለቤቱ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ አረፈደች። አጠፋች፣ አበራች፣ ፕሮግራም አውርዳ ጫነች። እንባዋ መጣ።

እኔ ዝም ብዬ ኬብሉን አየሁ። የመኪና ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማያያዣውን ነው።

"ማስተዋል፣ ይኼ የስልክሽ ቻርጀር አይደለም?"

ነው። አፋቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ይገባል፣ ልክክ ይላል። የካርዱ የራሱ ኬብል አጭርና ወፍራም ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የመብረቅ ምልክት አለበት፤ ተጠቅልሎ የመጣበት ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ሰካችው። ላፕቶፑ አወቀው።

ያልጋነሽ ከመደቧ ሆና፣ "ይኸው፣ ከተጋባን በሃምሳ ዓመታችን ለአንድ ነገር ጠቀምህ" አለች። አጎነበስሁና እጅ ነሣሁ። እንዳላየችኝ ትዝ ያለኝ ቀና ስል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሥራው ተጀመረ። ላፕቶፑ ላይ በመቶ ስንት እንደደረሰ የሚያሳይ ቀጭን መስመር አለ። እሱን ስጠብቅ ዋልሁ፣ ምጣድ ላይ እንዳለ ባቄላ።

ፎቶዎቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት። ማስተዋልም ሴት ናትና ጀልባው ላይ ቀርታ ከታች ሆና ትጮህብኝ ነበር፦ "አባባ፣ ደረብ ያድርጉ!" እያንዳንዱ ፎቶ የፊተኛውን ግማሽ መያዝ አለበት፣ እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ ባንዱ ላይ። ካልተደራረበ ኮምፒውተሩ መግጠሚያው ይጠፋዋል። የገዳሙ መምህር ፈቅደውልኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን አይሆንም አሉ። በየሁለት እርምጃው ቆሜ አነሣሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሲያዩኝ ቆይተው፣ "አባት፣ ለድንጋዩ ሁሉ መታወቂያ ሊያወጡለት ነው?" አሉኝ። "አዎ አባ፣ ዕድሜውን ግን አልነግር ብሎኛል" አልኋቸው።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ስደርስ ቀልዴ አለቀ። ላላነሣው አስቤ ነበር። ባላነሣው ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ ባዶ ይሆናል፣ "ተበላሸ" እላለሁ፣ ዋርካዬ ይተርፋል። ልጄ ፊት ቆሜ ግን አልቻልሁም። አነሣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ካርዱ ግን ወዲያው ይሞታል፤ አንዱ በሬ ሲወድቅ ሞፈሩ እንደሚቆመው። ሁለቴም እንደ አዲስ ጀመርን። ማስተዋል የመብራት ኃይልን ሰው ስም አታውቅምና ስም ሳትጠራ ረገመች።

ያልጋነሽ በየሰዓቱ፣ "ስንት ደረሰ?" ትላለች። "ደርሷል፣ ቡና ቤት ገብቶ ነው" አልኋት አንድ ጊዜ። አልሳቀችም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም፤ ለዚህ ደብተር ግን እናገራለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልሄደም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራው በመቶ ሰባ አንድ ደርሶ ነበር። ማስተዋል ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ሲመሽ የሐይቁ ትንኝ እንደሚመጣው መጣ፤ አምፖሉን ከበበ፣ የካርዱንም ማራገቢያ። ማራገቢያው እየሳበ ይበላው ጀመር። የያልጋነሽን ነጠላ አንሥቼ ሣጥኑን ሸፈንሁት። እጥፍ አድርጌ።

ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ሰማሁት። የመኪና ሰው ነኝ፤ አየር ያጣ ሞተር እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ጸጥ አለ። መስመሩ ጠፋ።

ማስተዋል ገብታ ነጠላውን ስትገፈው ሣጥኑ እንደ ምድጃ ይጋረፍ ነበር። "ማነው የሸፈነው?" አለች። "ትንኙ ገባበት ብዬ…" አልሁ። ትንኙ እውነት ነው። አምፖሉ ሥር አመድ መስሎ ወድቋል። ግን ስለ ትንኙ ብዬ ይሁን ስለ ዋርካው፣ እኔም አላውቅ።

"ተቃጠለ?" አለች ያልጋነሽ ከመደቧ። ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ነበር።

ማስተዋል ሲቀዘቅዝ ጠብቃ አበራችው። አልተቃጠለም፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል አለች። አንድ ቀን ግን ከሰርን። ቀና ብዬ ያልጋነሽን ማየት አቃተኝ፣ እሷ እኮ አታየኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። ከቅዳሴ ስመለስ ማስተዋልን ግቢ ጥግ ጠርቼ ነገርኋት። የዋርካውንም፣ የነጠላውንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያየች፣ "እማማ ለእኔም ነግራኛለች። ዋርካ ባየች ቁጥር 'የአጎትሽ ዛፍ ወንድም' ትላለች" አለችኝ።

"እዚያ ውስጥ ዛፍ መትከል ይቻላል?" አልኋት።

"አምስት ደቂቃ ነው።"

"ትከይው።"

ከትናንቱ በተረፈ ረቂቅ ላይ ተከለችው። ይኼ ካርድ ጉድ ነው! ዋርካው ጥላ አለው፤ ፀሐዩን ስትገፋው ጥላው ይዞራል። "ያንቺ ከእግዜር ዋርካ ይበልጣል" አልኋት። አልሳቀችም። "አባባ፣ እስቲ ይዩ" አለችና መንገዱን አሳየችኝ። መንገዱ የሚያወጣው ወደ ዕቃ ቤቱ ነው እንጂ ወደ ሐይቁ አይደለም። ዋርካው ጋ ለማድረስ መንገዱን ማጠፍ አለባት። መንገዱ ሲታጠፍ የድንጋዩ ካብ ይፈርሳል። ካቡ ሲፈርስ ዕቃ ቤቱ መነሣት አለበት። "እማማ በእግሯ ነው የምትሄደው። አንዷን ድንጋይ ከዋሸሁ ደሴቱን በሙሉ መዋሸት አለብኝ። ሥሪው ይበሉኝና ልሥራው" አለች።

ቁጭ ብዬ አየሁት። እንዴት ያለ ዛፍ ነበር።

"ንቀይው" አልኋት።

በአንድ ጣት ነካች። ጠፋ። ሥራውን እንደገና አስጀመረችው። እኔ ዛሬ ካጠገቡ አልተነሣሁም፤ በካርቶን ስባሪ ትንኙን ሳባርር አመሸሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አለቀ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ቴሌቪዥኑን ላፕቶፑ ላይ ስንሰካው ሥዕሉ እንደ አንካሳ ይሄድ ነበር፤ ካርዱ ራሱ ላይ ሲሰካ ግን እንደ ውኃ ፈሰሰ። ያልጋነሽን አፍንጫዋ ሊነካው ድረስ አስጠግተን አስቀመጥናት።

"ቀስ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ማስተዋል ከታች፣ ከጀልባ መውረጃው ጀመረች።

"ይኼን ድንጋይ አውቀዋለሁ" አለች ያልጋነሽ። "እኔ የምቀረው እዚህ ነው።"

ከዚያ ቆዪ አለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በገዛ ቤታችን፣ ቴሌቪዥን ፊት! የነፍስ አባቷን ጠይቃቸው ኖሯል፤ "እግርሽ አልረገጠ፤ ምን ኃጢአት አለው" ብለዋታል። አማተበች። "በይ ሂጂ" አለች።

ወጣን። ደረጃውን፣ የቡናውን ዛፍ፣ መታጠፊያውን። የምታየው በትንሿ ቀዳዳ ስለሆነ ማስተዋል ሁሉን ነገር ወደ መሃል እያመጣችላት ነው። "ይኼ ምንድነው?" "ሐረግ ነው፣ እማማ።" "እዚህ ጋ ልጄ ውኃ ተሸክሞ ወጥቷል" አለች። ዕቃ ቤቱ ጫፉ ብቅ ሲል፣ "አቁሚ" አልሁ።

"ያልጋነሽ፣ ዋርካ የለም።"

"ምን?"

"ዋርካ የለም። ዋሽቼሽ ነው። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ነው ያረፈው። ሐይቁም አይታይም።"

መስማቷን አላወቅሁም። ለእኔ ሳይሆን ለማስተዋል፣ "ሂጂ" አለቻት።

የዛገ ቆርቆሮ። ሁለት ቢጫ ጀሪካን። ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ የተደገፈ አሮጌ ታንኳ፣ የተሠራበት የደንገል ሣር የተበተነ። ከዚያ አፈሩ፣ ድንጋዮቹ። እጄ የተንቀጠቀጠበት ላይ ሥዕሉ ትንሽ ቀልጧል። መዳፏን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አደረገችና ብዙ ቆየች።

ስትዞር ወደ እኔ አልነበረም የዞረችው፤ ድምፄ ወደ ነበረበት ወደ ግድግዳው ነው።

"ሦስት ዓመት ስጸልይ የማየው ያንን ዛፍ ነበር" አለች። "ልጄን በሌለበት ስፈልገው ኖርሁ።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አታናግረኝም። እስካሁን በማስተዋል በኩል የደረሰኝ መልእክት፦ ጨው እንዳቀብል፤ በሩን እንድዘጋ፤ ሳል ካለብኝ ውጭ እንድስል።

አንድ ቀልድ ሞከርሁ። "ያልጋነሽ፣ መነኩሴው 'ለድንጋዩ መታወቂያ ሊያወጡለት ነው?' አሉኝ እኮ።" ቀልዱ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀረ፤ እኔው አነሣሁት።

ሦስት ጊዜ ወጣች ዛሬ። ከማስተዋል ጋር። እኔ በር ላይ ቆሜ ጀርባዋን አየሁ። በየጊዜው ጫማዋን ታወልቃለች። በሦስተኛው "ጀሪካኑን የት ወሰድሽው?" አለች። ጀሪካኑ እዚያው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ትናንት አልጻፍሁም። ጠዋት ያልጋነሽ ውኃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ቀዳች። ወደ ሐኪሙ ወሰድናት። ግፊቱ ጨምሯል። ጠብታውን ለወጡላት። ማስተዋል ውጭ ለብቻዬ፣ "ቀናት ሊሆን ይችላል፣ ሳምንታትም፤ አይታወቅም ነው ያለው" አለችኝ። በመንገድ ላይ ክንዷን ልይዝ ስል በሁለታችን መካከል ማስተዋልን አስገባች።

ነገ ካርዱ ይሄዳል። ማስተዋል በላፕቶፑ ብቻ ሞክራ ነበር፤ መንገዱ ይከፈታል፣ ግን አንድ እርምጃ ለመሄድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይጨርሳል። ልክ እንደ ፊልም የሚታይ አድርጌ አስቀርላችኋለሁ ብላለች። መሄድ ግን የለም። ቆም ብሎ ዞር ማለት የለም።

የካርዱን ባለቤት አንድ ሳምንት ጨምርልን በዪው አልኋት። ደወለች። ሥራው ቆሞበታል፤ ያዝናል፤ አይችልም። እውነቱን ነው፣ በመቀናጆ ሥራ የእሱም እርሻ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚቀበለው። ማስተዋል አምስት ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን አምጥታ ቆመች። ያልጋነሽ፣ "አንድ ጊዜ ልውጣ" አለች። ጫማዋን አወለቀች። ማስተዋል ልትቀመጥ ስትል፣ "አንቺ አይደለሽም። እሱ ይምጣ" አለች።

ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማስተዋል የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን አሳየችኝ። ስንጀምር ግን ያልጋነሽ ወደ ቴሌቪዥኑ አልተጠጋችም።

"ጭጋግ ነው የማየው" አለችኝ፣ ማስተዋል እንዳትሰማ በዝግታ። "ከትናንት ጀምሮ ነው። አንተ ንገረኝ።"

"እሺ።"

"ያለውን ብቻ።"

አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ከዚያ አለማየቷ ትዝ ሲለኝ "ያለውን ብቻ" አልሁ።

ወጣን። ድንጋዩን ድንጋይ አልሁ፣ ሐረጉን ሐረግ። መታጠፊያው ላይ ልቤ አንድ ወፍ ሊያስቀምጥላት ፈለገ፤ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ማንን ትጎዳለች? አፌን ያዝሁ። ዕቃ ቤቱ ጀርባ ደረስን። ቆርቆሮው ዝጓል አልሁ። ጀሪካኑ ሁለት ነው፣ አንዱ ክዳን የለውም። ታንኳው ተበትኗል።

"አበባ አለ?"

"የለም። ሣር አለ፣ ደርቋል።"

"ከአፈሩ ላይስ?"

"ድንጋይ ነው። በዙሪያው የተደረደረ።"

"ስንት?"

ጣቴን መስታወቱ ላይ እያሳረፍሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርሁላት። "ዐሥራ አራት።"

ማራገቢያው ይነፍሳል። ማስተዋል ብርድ ልብሱን ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ ሰዓቱን አላየችም። ያልጋነሽ እጇን ዘርግታ ክንዴን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

"እንደገና ቁጠር" አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርሁ። ዐሥራ አራት ነው።